የጓንቱ አውራ ጣት

እጆቿ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ነበሩ። ከጨርቁ ውስጥ ስስ ቆዳ አወጣች፣ ጉንጯ ላይ አሳርፋ እርጥበቱን ለካችው፣ አልበቃ ሲላት መልሳ ጠቀለለችውና ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ዘረጋችው። አንዱን ጫፍ በሆዷና በጠረጴዛው ጠርዝ መካከል አጣብቃ ሌላውን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ታች ጎተተችው። ስትጎትት አትቸኩልም፣ አትራራምም። ዓይኗ ግን ቆዳው ላይ አልነበረም። ዓይኗ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። እዚያ እንግዳዋ ተቀምጣ የራሷን ቆዳ ትጎትታለች።

"እትዬ፣ ቀደዱት እኮ!" አለቻት ከኋላዋ የስፌት መኪና ላይ የተቀመጠች ሴት።

"ቢቀደድስ የኔ ነው? የባለቤቱ፣ የጋሼ ነው። አንቺ ስፌትሽን ስፊ።"

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። በዚያ የጓንት መሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ የሚያውቃት "እትዬ መቀስ" በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣላት መቀሷ ይሁን ምላሷ ማንም አጣርቶ አያውቅም። ገና ልጅ ሳለች ከወለሉ ላይ የቆዳ ቁርጥራጭ ለመጥረግ ገባች፤ መጥረጊያውን ጥላ መቀሱን ከያዘች ወዲህ ግን ማንም ከእጇ አላስጣላትም። ባሏ ቶሎ ሞተባት። አንዲት ልጇን ከጠረጴዛዋ ሥር፣ የቆዳ ክምር ላይ እያስተኛች አሳደገቻት። ያቺ ልጅ ዛሬ እዚያው ቤት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች።

እትዬ መቀስ የምትቆርጠው የሥራ ጓንት ነበር፤ የበያጅ፣ የግንበኛ፣ የጫኝና አውራጅ። መንገድ ላይ ስትሄድ ዓይኗ ሰው ፊት ላይ አያርፍም፤ እጅ ላይ ነው የሚያርፈው። አንድ በያጅ ብረት ላይ አጎንብሶ ካየች ቆም ትልና "ይሄ የኔ ነው" ትላለች። ሰውየው ልጇ መስሎት የሚደነግጥ መንገደኛም አልጠፋም።

ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን ለመሥሪያ ቤቱ ሌላ ዓይነት ገበያ መጣ። እስከ ክርን የሚደርስ፣ እንደ ቅጠል የሳሳ የሴት ጓንት የሚፈልግ ገዢ ተገኘ። እትዬ መቀስ እንደ ለመደችው የካርቶን ልኩን አስቀምጣ ቆረጠችው። ሲሰፋ ያምር ነበር። አንዴ ከተጠለቀ በኋላ ግን ጣቱ ሁሉ እየረዘመ፣ ጫፉ ባዶውን ተንጠለጠለ። ስስ ቆዳ ከመቆረጡ በፊት በቁመቱ እስኪበቃው መጎተት፣ በወርዱ ግን እንዲተነፍስ መተው አለበት። ይህን ያኔ አላወቀችም። ባለቤቱ ጓንቱን አገላብጦ አየና አንድ ቃል ሳይናገር ወደ ቢሮው ገባ።

በሳምንቱ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ሙጫና ወረቀት ይዞ መጣና ልክ ከእሷ ጠረጴዛ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። "በስስ ቆዳ ጓንት ቆረጣ ችሎታ ያለው ባለሙያ እንፈልጋለን" ይላል። እትዬ መቀስ ቀና ብላ አነበበችው። ደሟ ፈላ።

"እኔ ሳልሞት በላዬ ላይ ሰው ይፈለጋል?" አለች ለራሷ።

ከፈለገኝ ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ ብላ አኮረፈች። ማስታወቂያው እስኪነሳ ድረስ ከሥሩ ተቀምጣ እየቆረጠች አንድም ቀን ዳግመኛ ቀና ብላ አላየችውም። ባለቤቱም አላናገራት። ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው፦ ከውጭ አገር ባለሙያ ማስመጣት የሚፈልግ አሠሪ አስቀድሞ ሥራውን ለአገሩ ሰው ማሳወቅ አለበት፤ ጊዜው እስኪያልቅ የሚመጥን ሰው ካልተመዘገበ ያን ጊዜ የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ማንም አልተመዘገበም። ጸሐፊው ወረቀቱን ገነጠለው፤ ከሥሩ ያለው ቀለም አብሮ ተላጠና ግድግዳው ላይ ነጣ ያለ ምልክት ቀረ።

እንግዳዋ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የመስኮቱ ጠረጴዛ ተሰጣት። ብርሃኑ በደንብ የሚገባው እዚያ ነው፤ እትዬ መቀስ ዕድሜ ልኳን ስትመኘው የኖረች ቦታ። ቀጥሎ ባለቤቱ እንግዳዋ ስትገባ ከወንበሩ ብድግ ማለት ጀመረ። ለእትዬ መቀስ ተነስቶ አያውቅም፤ እሷ ስትገባ ይልቅ ሰዓቱን ነው የሚያየው። እንግዳዋ መቀሷን በለስላሳ ከረጢት ይዛ ትመጣለች፣ ማታ ጠርጋ ትመልሰዋለች። ሳምንት ሳይሞላ ሰፊዎቹ ሁሉ ሽርጣቸውን እንደ እሷ ወደ ጎን ማሰር ጀመሩ። ለእጇ ልስላሴም ስም አወጡላት፤ "ሐርዬ" አሏት።

"ሐርዬ!" ትላለች እትዬ መቀስ አፍንጫዋን ነፍታ። "እጇ የለሰለሰው ሥራ ስለማያውቅ ነው።"

"ቆዳ ስትጎትት አላዩዋትም እንዴ እትዬ?"

"አይቻለሁ። አላየሁም አልኩ?"

ይህ ሁሉ ይቻል ነበር። አንጀቷን ያሳረራት የልጇ ሳቅ ነው። ልጇ ከእንግዳዋ አጠገብ ስትቆም ትስቃለች። ሐርዬ የምታውቀው የአገሩ ቃል እፍኝ አይሞላም፤ በእጇ፣ በቅንድቧ፣ በትከሻዋ ነው የምታወራው። ልጅቱ ግን አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ከልቧ ትስቃለች። እትዬ መቀስ ያን ሳቅ ቤት ውስጥ ሰምታው አታውቅም። ቤት ውስጥ ልጇ "እሺ እማ" ትላለች፣ "በላሁ እማ" ትላለች፣ ትተኛለች።

አንድ ቀን ጸሐፊው ጠራትና "እትዬ፣ ደስ የሚል ወሬ አለኝ፤ ተተኪ ሆነዋል" አላት።

"የማን?"

"የሐርዬ። ሕጉ ነው። ከውጭ የመጣ ባለሙያ ሙያውን ለአገር ሰው ማስተማር አለበት። የሚማረው ሰው ስም ለሥራ ቢሮ ይላካል። የእርስዎን ላክን።"

"ፀጉሬ ሸብቶ ተማሪ? ለእሷ?"

"ይስሙኝማ። የእሷ ፈቃድ ለአንድ ዓመት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ተተኪዋ ገና ካልቻለች ፈቃዱ ይታደሳል።"

"ከቻለችስ?"

"ከቻለችማ ሥራው የተተኪዋ ነው። ሐርዬ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ፈቃዱ ለዚህ ቤትና ለዚህ ሥራ ብቻ የተሰጠ ነው፤ ሌላ ቦታ ሄዳ መቀጠር አትችልም።"

የእትዬ መቀስ ልብ ቅቤ ጠጣ። ፊቷን ግን አኮሳትራ "እንግዲህ ሕግ ከሆነ ምን ይደረጋል" አለችና በማግስቱ በርጩማዋን ተሸክማ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች።

ተማሪ እንደ እሷ ዓይነት ታይቶ አይታወቅም። የምትማረው ሙያውን ወዳ አይደለም፤ አስተማሪዋን ለማባረር ነው፤ እንደዚያ የሚማር ሰው ደግሞ አያንቀላፋም። ሐርዬ የእጅ አንጓዋን ይዛ "ጎትት! ጎትት!" ስትላት ጥርሷን ነክሳ ትጎትታለች። ሐርዬ ጣቷን ቀስራ "በቃ" ስትላት ታቆማለች። ለካ ቆዳው የሚበቃውን ራሱ ይናገራል፤ እጅ ሥር ድንገት ይወጠራል፣ ከዚያ በኋላ አይሳብም። ይህን ያወቀች ቀን እትዬ መቀስ በደስታ ፈገግ ልትል ነበር፤ ሐርዬ ቀድማ ፈገግ ስላለች ተወችው።

መዳፉንና አይበሉባውን ተማረች። በጣቶቹ መካከል የሚገቡትን ቀጫጭን ቁርጥራጮች ተማረች። የቀረው አውራ ጣት ነው። አውራ ጣት እንደ ሌሎቹ ጣቶች ተሰልፎ አይቆምም፤ ለብቻው ዞሮ ነው የሚያይ። ጓንቱ ላይ የሚገባበት ቀዳዳ በትንሽ ከተሳተ እጅ አይጨበጥም። እና እዚያ በደረሱ ቁጥር ሐርዬ መቀሱን ከእጇ ቀስ አድርጋ ትወስድና "ነገ" ትላታለች።

"ዛሬስ?"

"ነገ።"

ሌላ ቃል የላትም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ በትከሻዋ ከልላ፣ አውራ ጣቱን ራሷ ትቆርጠዋለች። ነገ ነገ እያለች ወራት ነጎዱ። እትዬ መቀስ ነገሩ ገባት፤ ይህቺ ሴት ሆን ብላ ነው የምትደብቀኝ አለች። አልተሳሳተችም።

አንድ የዕረፍት ቀን ገበያ ወጥታ ገንዘብ መያዣዋን ረስታ ስለነበር ከመንገድ ተመለሰች። በሩን ስትከፍት ልጇ አልጋው ላይ ተቀምጣለች፤ በዙሪያዋ የስስ ቆዳ ቁርጥራጭ ተበትኗል፤ በእጇ መቀስ፣ በመቀሱ አፍ አውራ ጣት። አምሮ የተቆረጠ አውራ ጣት።

እትዬ መቀስ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። 

"ይሄን ማን አሳየሽ?"

"ማንም።"

"አንቺ ልጅ፣ ከሆዴ የወጣሽ ነሽ። አትዋሺኝ።"

ልጅቱ መቀሱን አስቀመጠች። "ሐርዬ ናት።"

"ለኔ ነገ እያለች ላንቺ ዛሬ? ምን በደልኳት? እሺ፣ ምን በደልኳት?"

"እማ፣ ተተኪዋ አንቺ ነሽ እኮ። የተላከው ያንቺ ስም ነው። አንቺ ከቻልሽ እሷን ያባርሯታል። የኔን ስም ማንም አያውቀውም። እኔ ብችል ማንም መጥቶ አይጠይቃትም።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ሙያው ከቤታችሁ አይወጣም፣ አይዞሽ ብላ በእጇ በቅንድቧ አስረድታኛለች" አለች።

"እሷ ቤታችንን የት አውቃው?"

ልጅቱ የተበተነውን ቁርጥራጭ መሰብሰብ ጀመረች።

"እዚህ መጥታለች?"

"አንቺ ገበያ ስትሄጂ።"

"የት ተቀመጠች?"

"ምን ያደርግልሻል እማ?"

"የት ተቀመጠች አልኩሽ!"

ልጅቱ በመስኮቱ በኩል ያለውን በርጩማ በአገጯ አሳየቻት። የእትዬ መቀስ በርጩማ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ መቀስ እዚያ በርጩማ ላይ አልተቀመጠችም።

የዚያን ዕለት ግን ሽንፈቷን ውጣ መቀመጥ የሚሆንላት ሴት አይደለችም። "በይ አሳዪኝ" አለች።

"አልችልም። ላላሳይሽ ቃል ገብቻለሁ።"

"እንዳታሳዪኝ ነው ቃል የገባሽው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እኖራለሁ ብዬ ቃል አልገባሁም። አንቺ ሥራሽን ሥሪ፤ እኔ ድንቼን እልጣለሁ።"

ልጇ ሳትወድ በግዷ ሳቀች፤ ቁርጥራጯንም አነሳች። እናት ከፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀምጣ ድንች ልጣ ልጣ፣ ዓይኗን ከመቀሱ ሳትነቅል፣ ድንቾቹ ሁሉ የጥፍር ያህል እስኪቀሩ ድረስ ላጠች። ማታ የበሉት ሾርባ ውኃ ነበር። አውራ ጣቱ ግን ገብቷታል።

ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የሥራ ቢሮው ተቆጣጣሪ መጣ። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ የሚጠርግ ትሑት ሰው ነው። ባለቤቱ ከኋላው ይከተላል፣ ጸሐፊው ከባለቤቱ ኋላ። ሐርዬ መስኮቱ ሥር ቆማ የሽርጧን ማሰሪያ ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች።

"እናቴ፣ ተተኪዋ እርስዎ ነዎት?"

"ነሽ ተብያለሁ።"

"እስቲ አንድ ጓንት ይቁረጡልኝ።"

እትዬ መቀስ ቆዳውን ከእርጥብ ጨርቁ አወጣች። ጎተተች። መዳፉን ቆረጠች፤ ጣቶቹን ለየች፤ ቀጫጭኖቹን አወጣች። አውራ ጣት ላይ ስትደርስ የስፌት መኪኖቹ ድምፅ አንድ በአንድ ቆመ። እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ እንደምታቆም ሰፊዎቹ ሁሉ ያውቃሉ።

"ነገ" አለች ሐርዬ፣ በለሆሳስ።

እትዬ መቀስ ቀና አለች። እንግዳዋ የምታየው እሷን አልነበረም። የምታየው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለችውን የእትዬ መቀስን ልጅ ነው፤ ልክ የራሷን ልጅ ተሰናብታ እንደምትሄድ ሰው። ልጅቱም ዓይኗ እንባ ሞልቶ ታያታለች። ያ እይታ ባይኖር ኖሮ ምናልባት የእትዬ መቀስ እጅ ይሰንፍ ነበር። አሁን ግን ቅናቱ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ነዘራት። መቀሱን አስገባችና አውራ ጣቱን ቆረጠች።

ልጇ ሰፋችው።  ጓንቱ የተቆረጠው በሐርዬ እጅ ልክ ስለነበር ተቆጣጣሪው ለእሷ ሰጣት። ሐርዬ አጠለቀችው። ጨበጠች፤ ዘረጋች። ከዚያ አውራ ጣቱን ከሥሩ በሌላው እጇ ዳበሰችና ቀጥ ብላ ቆመች። እትዬ መቀስ እዚያች ቦታ ላይ ልጇ ያላሳየቻትን ነገር አድርጋ ነበር፤ በበያጅ ጓንት ላይ እንደምታደርገው ከሥሩ በጣም በትንሹ አስፍታዋለች፤ የጨበጠ እጅ እንዳይታነቅ። ይህን ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም ያየ የለም። ሐርዬ እንደገና ጨበጠች፣ ሁለቱን ቅንድቦቿን አነሳች፣ እትዬ መቀስን ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪ እንደማያዩ አድርጋ አየቻት።

"ጥሩ" አለች። ከዚያ ደግሞ "በጣም።"

"እንግዲህ ተተኪዋ ችለዋል" አለ ተቆጣጣሪው። "ፈቃዱ አይታደስም። ግን እናቴ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ይህን ያህል እጅ እያለዎት መጀመሪያ ማስታወቂያው ሲወጣ ለምን አልተመዘገቡም? አላዩትም?"

"ከራሴ በላይ ተለጥፎ እንዴት አላየውም?"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ይጠይቁኝ ብዬ ነዋ!"

ባለቤቱ ሁለት እጁን ወደ ላይ ወረወረ። "ኧረ በፈጣሪ! እኔ ደግሞ እንድትጠይቂኝ ብዬ ነው እዚያ ያስለጠፍኩት! ሌላ ግድግዳ አጥቼ መሰለሽ? ጋሼ ልማረው ትለኛለች ብዬ እስከ መጨረሻው ቀን ስጠብቅ አንቺ ጀርባሽን ሰጠሽኝ!"

ሰፊዎቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እትዬ መቀስ ብቻ አልሳቀችም። ግድግዳው ላይ ያለውን ነጭ ምልክት ታይ ነበር።

የመስኮቱ ጠረጴዛ ተሰጣት። ብርሃኑ እንዳሰበችው ነበር። ሐርዬ ፈቃዷ እስኪያልቅ ጥግ ላይ ተቀምጣ ዕቃዋን ትሸክፋለች። ልጇ አኩርፋታለች፤ "እሺ እማ" እንኳ ቀርቷል። እትዬ መቀስ የመጀመሪያውን ጓንት ቆርጣ ወደ ብርሃኑ አነሳችው።

"እንዴት ነው?"

"አምሯል እትዬ!" አሉ ሰፊዎቹ።

ሌላም አነሳች። "አምሯል እትዬ!" አሉ። ጠረጠረች። አንዱን ሆን ብላ አበላሽታ ቆረጠችና አውራ ጣቱ እንደ ተሰበረ እጅ የተንጋደደውን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

"አምሯል እትዬ!"

ልጇም ቀና ሳትል "አምሯል" አለች።

ከጥግ ግን እንደ መታነቅ ያለ ድምፅ ተሰማ። ሐርዬ አፏን በሽርጧ ይዛ በሳቅ ትንፈራፈራለች። እትዬ መቀስ ዞራ አየቻት። የተበላሸውን ጓንት ጠቅልላ ወረወረችባት፤ ከዚያ ተነስታ በቀጥታ ወደ ጸሐፊው ቢሮ ሄደች።

"ለአስተማሪ ፈቃድ የለም?"

"አለ። ግን ሌላ የሥራ መደብ ስለሆነ እንደ አዲስ ነው። ማስታወቂያ ይወጣል፤ ብቁ የሆነ የአገር ሰው ከተመዘገበ ለእሱ ነው። ማንም ካልተመዘገበ ለሐርዬ እንጠይቃለን።"

"ብቁ የሆነ ማን አለ?"

"እርስዎ ነዎታ! በተቆጣጣሪ ፊት ቆርጠዋል።"

"እኔ ካልተመዘገብኩስ?"

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እትዬ፣ ጠልተዋት አልነበር እንዴ?"

"አሁንም አልወዳትም። ከልጄ ጋር ስትስቅ አንጀቴ ያራል። በርጩማዬ ላይ ተቀምጣለች። ግን እነዚህ ሴቶች ዓይን የላቸውም! አበላሽቼ ባሳያቸው አምሯል ይሉኛል። ሥራዬን የሚያይልኝ ሰው እዚህ ቤት አንድ ነው ያለ፤ እሱንም በገዛ እጄ አባረርኩት።"

ገዢው የሚፈልገውን የጓንት ብዛት ስለጨመረ ባለቤቱም አስተማሪ አልጠላም። ማስታወቂያው ተጻፈ። "እዚያው ቦታ ለጥፈው" ብላ ያዘዘችው ራሷ ናት፤ ነጩ ምልክት ላይ ልክክ አለ። ልጇ ለሐርዬ በእጅም በቅንድብም አድርጋ ምን እንደሚል አስረዳቻት። ሐርዬ በርጩማዋን አንስታ ከእትዬ መቀስ ጎን ተቀመጠች።

"ከብርሃኔ ፈቀቅ በይ" አለቻት እትዬ መቀስ። ሐርዬ ትንሽ ፈቀቅ አለች።

ማስታወቂያው ዛሬም ግድግዳው ላይ ነው። ቀኑ እስኪያልቅ ማንም መመዝገብ ይችላል፤ መብት ነው፣ ማንም ሊከለክል አይችልም። እትዬ መቀስ በየማለዳው መጀመሪያ የምትጠይቀው "ሰው መጣ?" ብላ ነው። ኩሩ ስለሆነች ማንንም አትለምንም፤ ስለዚህ ልመናዋን ይህ ጽሑፍ ያድርስላት። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከመካከላችሁ ስስ ቆዳ ጎትቶ፣ አውራ ጣት ቆርጦ ለሌላ ማሳየት የሚችል ካለ፣ እጃችሁ ይባረክ። ግን አፈር ስሆን፣ በዚያ በር በኩል ስታልፉ ያን ማስታወቂያ እንዳላያችሁ ሆናችሁ እለፉላት።